የበዓል ማዕድ ሥርዓትና መጠን፤ ከነገሥታት ግብር እስከ ጽዋ ማኅበር

ኢዮቤልዩ የሚባለው በዓል በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ በ50ኛው ዓመት የሚከበር የነጻነት ዓመት ነው። በዚያ ዓመት መለከት ይነፋል፤ ከድኽነት የተነሣ ርስቱን የሸጠ ወደ ርስቱ ይመለሳል፤ ራሱን ለሌላ ያሳደረም ነጻ ወጥቶ ወደ ወገኑ ይገባል። ሙሉ ቃሉ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ኩፋሌም ከፍጥረት ጀምሮ ያለውን ዘመን በኢዮቤልዩ እየከፈለ ይቈጥራል። ስለዚህ ይህ ስም ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም፤ ትርጓሜውም ከሸክም ማረፍ፥ ከዕዳ መፈታት ነው።

አንድ ደብር ኢዮቤልዩውን ሊያከብር ሲነሣ፥ ከማኅሌቱና ከቅዳሴው ቀጥሎ የሚመጣው አሳብ የማዕድ አሳብ ነው። ስንት ሰው ይመጣል? ስንት ጋን ይጠመቃል? ማን ያዋጣል? ማንስ ያሳልፋል? በጽጽቃና በዙሪያዋ፥ ከሰቆጣ በስተ ምዕራብ ወደ ተከዜ ቈላ በሚወርደው፥ ዝናሙ በሚያንስበትና እህሉ እየተሰፈረ በሚበላበት አገር፥ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ያለ መጠን የተደገሰ ድግስ ሰውን ወደ ዕዳ ያገባዋልና። ዕዳ የሚያመጣ የኢዮቤልዩ ድግስ ደግሞ ስሙንና ሥራውን ያጣላል፤ ሰው ነጻ በሚወጣበት ዓመት ሰውን ያስራልና። ስለዚህ ማዕድ ከጥንት ጀምሮ በምን ሥርዓት እንደ ተሰናዳ፥ የትኛው ሥርዓት እንዳለፈና የትኛው እስከ ዛሬ እንደ ጸና መመርመር ይገባል።

ቅዱስ ወንጌል ስለ ማዕድ ሲናገር ተአምራቱን ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱንም ጽፏል። ጌታ አምስቱን እንጀራና ሁለቱን ዓሣ ባርኮ ሕዝቡን ባበላ ጊዜ፥ አስቀድሞ ያዘዘው ሰዎቹ በተራ እንዲቀመጡ ነው፤ እነርሱም በመቶ በመቶና በአምሳ በአምሳ ተከፍለው ተቀመጡ። ሴቶችና ሕፃናት ሳይቈጠሩ ወንዶቹ 5,000 ያህል ነበሩና፥ በአምሳ በአምሳ ቢመደቡ 100 ማዕድ ይሆናሉ። ይህ ባይሆን ኖሮ ጉልበታሙ በቀደመ፥ ደካማው በተገፋ፥ አሳላፊውም የደረሰውንና ያልደረሰውን መለየት ባልቻለ ነበር። ሁሉ ከጠገበ በኋላም አንድ ነገር እንዳይባክን የተረፈው ይነሣ ተባለ፤ 12 መሶብም ሞላ። አምስት እንጀራ ለብዙ ሺሕ ሰው ያበቃ ጌታ ፍርፋሪ እንዲሰበሰብ ማዘዙ ለደጋሽ ሁሉ ትምህርት ነው። ጥጋብ ሌላ ነው፥ ብክነት ሌላ ነው።

በሐዋርያትም ዘመን በማዕድ ምክንያት ማጕረምረም ተነሣ። የግሪክን ቋንቋ ከሚናገሩት ወገን የሆኑት መበለቶች በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ ቸል ተባሉ። ሐዋርያት ይህን ነገር ትንሽ ነው ብለው አልተዉትም፤ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን ሰባት ዲያቆናት በሕዝቡ አስመርጠው በማዕዱ አገልግሎት ላይ ሾሙ። ከእነርሱም አንዱ ቀዳሜ ሰማዕት ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። እንግዲህ በድንጋይ ተወግሮ የሞተው የመጀመሪያው ሰማዕት አስቀድሞ የተሾመው የተረሱት መበለቶች ድርሻቸውን እንዲያገኙ ለማሳለፍ ነበር። በማዕድ ማሳለፍ የሚያፍር ዲያቆን ይህን ያስብ።

በቆሮንቶስ ደግሞ ሌላ ነውር ታየ። ሀብታሞቹ የየራሳቸውን ምግብ ይዘው እየቀደሙ ይበሉ ነበርና አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክር ነበር፤ ቅዱስ ጳውሎስም ስለዚህ ነገር አጥብቆ ገሠጻቸው። በአራተኛው መቶ ዓመት የተሰበሰበው የሎዶቅያ ጉባኤም የፍቅር ማዕድ የተባለው ግብዣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳይደረግ ከለከለ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም መቅደሱ ለሥጋ ወደሙ፥ ደጀ ሰላሙ ለካህናቱ ማዕድ፥ ሰንበቴ ቤቱም ለምእመናኑ ማዕድ ተለይቶ ይኖራል። ከቅዳሴ በኋላ የሚበላው ከመቅደሱ ወጥቶ ከቅጽሩ ግን ሳይርቅ ነው። ይህም አቀማመጥ ማዕዱ ከጸሎቱ እንዳይቀላቀል፥ ደግሞም እንዳይለይ የተደረገ ነው።

ከዚህም በኋላ የኢትዮጵያን ነገሥታት ማዕድ መመልከት ይገባል፤ እነርሱም የማዕድን ሒሳብ በድንጋይና በብራና አስጽፈዋልና።

በአክሱም በግሪክና በግዕዝ ቋንቋ በድንጋይ የተቀረጸ የንጉሥ ዔዛና ጽሑፍ አለ። ዘመኑ አራተኛው መቶ ዓመት ነው። የቡጋ ሰዎች፥ ዛሬ ቤጃ የሚባሉት፥ በዐመፁ ጊዜ ንጉሡ ወንድሞቹን ሸዐዛናንና ሐደፋን ላከ፤ እነርሱም ስድስት አለቆችን ከነሕዝባቸው ይዘው መጡ፤ የሰዎቹም ቍጥር 4,400 ነበር። ጽሑፉ ድሉን ነግሮ አያበቃም፤ ምርኮኞቹ በመንገድ ሳሉ ለአራት ወር ያህል በየቀኑ 22,000 እንጀራ ይሰጣቸው እንደ ነበረ፥ መጠጥም እንዳልተከለከሉ ይናገራል። 22,000 ለ4,400 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሰው አምስት አምስት ይደርሳል። አራቱ ወር 120 ቀን ቢሆን፥ ጠቅላላው 2,640,000 እንጀራ ነው። ይህን ያህል የጋገረ፥ የጫነ፥ ያደለ ሰው ስሙ አልተጻፈም፤ ሆኖም ያለ እርሱ የንጉሡ ቃል በድንጋይ ሊቀረጽ ባልቻለ ነበር። ለተሸነፈ ሰው እንኳ በነፍስ ወከፍ የተቈጠረ ምግብ መስጠት የጥንቱ መንግሥት ክብር ሆኖ ተጽፏል።

በመካከለኛውም ዘመን የነገሥታቱ ማዕድ የራሱ ጽሑፍ ነበረው፤ ስሙም ሥርዓተ ግብር ይባላል። በግዕዝ የተጻፈው ይህ ሥርዓት ለቤተ መንግሥቱ ማዕድ የሚቀርበውን እንጀራ፥ ሥጋና መጠጥ፥ የትኛውም ባለ ሥልጣን ምን ድርሻ እንደሚቀበል እየለየ ይዘረዝራል። ከዚህ የሚታወቀው፥ የንጉሥ ግብዣ እንደ ደረሰ የሚበላበት ቦታ እንዳልነበረ ነው። እያንዳንዱ ሰው በማዕዱ ላይ ያለው ስፍራ በመንግሥቱ ውስጥ ያለው ስፍራ ነበር። ስፍራውን ያጣ ሰው እንጀራውን ብቻ ሳይሆን ማዕርጉንም እንዳጣ ይቈጠር ነበር።

ግብር የሚለውን ቃል የቅኔ ሰው ቢመለከተው ሰምና ወርቅ ያገኝበታል። ገበሬው ግብር ይገብራል፤ ጌታው ግብር ያበላል። አንዱ ቃል የሚሰጠውንም የሚበላውንም ይጠራል። ይህም በከንቱ የሆነ አይደለም፤ ከጎተራ የወጣው እህል፥ ከቀፎ የተቈረጠው ማር፥ ከበረት የተነዳው ሰንጋ በግብር ስም ወደ ጌታው ግቢ ይገባ ነበር፤ ከዚያም ተጋግሮ፥ ተጥሎ፥ ታርዶ በግብር ስም ለሠራዊቱና ለባለሟሉ ይወጣ ነበር። ጌታ የተባለው ሁሉ የሚያበላው ከገበሬው በመጣ ነው። ለጋስ የተባለውም የሰበሰበውን ያልደበቀ ነው።

የዋግ አገር ከዚህ ሥርዓት የራቀ አልነበረም። የዋግ ሹሞች ከዛጉዌ ነገሥታት ዘር እንደሚወለዱ በትውልድ የሚነገርላቸው፥ መናገሻቸውም ሰቆጣ የነበረ መሳፍንት ናቸው። ከሰቆጣ አቅራቢያ ያለው ከአንድ ዐለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ መቃብራቸው ሆኖ ኖሯል። ሰቆጣም አሞሌ ጨው የጫኑ ነጋዴዎች የሚገናኙባት የገበያ ከተማ ነበረች፤ የዋግም ማር ስመ ጥር ነው። ከዚህም ቤት የተወለዱት ዋግ ሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በ1863 ዓ.ም. ከዓድዋ አጠገብ በተደረገው ጦርነት ድል እስኪሆኑ ድረስም በንጉሠ ነገሥትነት ቈዩ።

የግብሩ ሥርዓት በሰፊው የታየው በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። በ1890 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የተሠራው የግብር አዳራሽ በአንድ ጊዜ በሺሕ የሚቈጠር ሰው ይይዝ ነበር። እንጀራ ቤቱ፥ ወጥ ቤቱ፥ ጠጅ ቤቱና ጠላ ቤቱ እያንዳንዱ ኀላፊ ነበረው፤ በእነዚህም ሁሉ ላይ የእቴጌ ጣይቱ ዐይን አይጠፋም ነበር። አጋፋሪው በር ጠብቆ የሚገባውን እንደ ማዕርጉ ያስቀምጣል፤ አሳላፊው ምግቡን ያዳርሳል፤ ጠጅ አሳላፊው ብርሌውን ይሞላል። አስቀድሞ ንጉሠ ነገሥቱ በመጋረጃ ተከልለው ይመገባሉ፤ ከዚያም መጋረጃው ይገለጥና ሠራዊቱ ተራ በተራ እየገባ ይበላል። ወጥ ቤት፥ ጠጅ ቤት፥ አሳላፊ፥ አጋፋሪ የሚሉት ስሞች ሁሉ ዛሬ በየመንደሩ ሰርግ የሚሰሙት ከዚህ ዓይነት ግቢ ወርደው ነው።

ሆኖም ይህ ሁሉ ግርማ የቆመው በገበሬው በሬ ጫንቃ ላይ ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በደረሰው በክፉ ቀን የከብት በሽታ ከባሕር ጠረፍ ገብቶ የአገሩን በሬ ፈጀ፤ የሚያርስ በመጥፋቱ ምድሩ ጦም አደረ፤ ብዙ ሕዝብም በራብ አለቀ። ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.፥ በዚሁ በክፉ ቀን መካከል ነው። ንጉሠ ነገሥቱም በሬ የሌለው ሕዝብ ተስፋ እንዳይቈርጥ በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው ቈፈሩ። ግብር የሚያበላ ንጉሥ ዶማ መያዙ ለሁሉ አንድ ነገር ገለጠ፤ የማዕዱ ሥር አዳራሹ ሳይሆን እርሻው ነው።

ዋግም ከዚያ በኋላ ራብን ደጋግሞ አይቷል። በ1958 ዓ.ም. በዋግና በላስታ ራብ ሆነ፤ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎን ጠቅላይ ግዛት ራብ መታው፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ እህል ፍለጋ ወደ ኮረም የወረደው ሕዝብ መከራ በዓለም ሁሉ ታየ። በእነዚህም ዓመታት መካከል የግብሩ ሥርዓት ራሱ ፈረሰ። በ1966 ዓ.ም. አብዮት መጣ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው ዐዋጅ የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት አደረገ። ከዚህም የተነሣ ለመሳፍንቱ ይገባ የነበረው ግብር ቀረ፤ የአብያተ ክርስቲያናትም ጕልት አብሮ ተወሰደ። ለመገበሪያ፥ ለዘቢብ፥ ለዕጣን፥ ለካህናቱም ቀለብ የተመደበው መሬት ከደብሩ እጅ ወጣ።

በዚያን ጊዜ ጕልት ከሌለ በዓል የለም፥ ደጀ ሰላሙም ይዘጋል ብሎ ያልፈራ ጥቂት ነው። ነገር ግን የገጠሩ ቤተ ክርስቲያን አልተዘጋም፤ ወርኃዊው በዓልም አልቀረም። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ከነገሥታቱ አዳራሽ በታች፥ ማንም የታሪክ ጸሓፊ ብዙ ሳይጽፍለት፥ ሌላ የማዕድ ሥርዓት በየደብሩ ይኖር ነበር፤ እርሱም ሰንበቴና ጽዋ ማኅበር ነው።

የጽዋ ማኅበር ሥርዓት እንዲህ ነው። አንድን ቅዱስ የሚዘክሩ ሰዎች ይሰበሰቡና በየወሩ በዕለቱ፥ በ12 ለቅዱስ ሚካኤል፥ በ21 ለእመቤታችን፥ በ23 ለቅዱስ ጊዮርጊስ፥ ተራው በደረሰው ቤት ይገናኛሉ። ሙሴ የሚባለው አለቃ ማኅበሩን ይመራል፤ ካህኑ ጸሎት አድርሶ ዳቦውንና ጠላውን ይባርካል፤ ነዳያንም አይከለከሉም። ሲፈጸም ጽዋው በነጭ ልብስ ተሸፍኖ ለባለ ተራው ይሰጣል፤ እርሱም በእልልታ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። አባላቱ 12 ቢሆኑ ለአንዱ ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ይደርሰዋል፤ 24 ቢሆኑ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ነው። እንዲህ ሲሆን ድኻው አንድ ጊዜ አብልቶ አሥራ አንድ ጊዜ ይበላል፤ ባለጸጋውም አንድ ጊዜ ብቻ ያበላል እንጂ በየወሩ እየደገሰ ሌላውን አያሳፍርም። በሰንበቴም እንዲሁ፥ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ባለ ተራው ዳቦና ጠላ ወደ ሰንበቴ ቤት ያመጣል፤ ከእርሱም ካህኑ፥ ሽማግሌው፥ የቈሎ ተማሪውና መንገደኛው ይቀምሳሉ።

ግብርና ማኅበር የሚለያዩት በዚህ ነው። በግብር ጊዜ ብዙዎች ይሰጣሉ፥ አንዱ ያበላል፥ ምስጋናውም ለአንዱ ነው። በማኅበር ጊዜ እያንዳንዱ በተራው ይሰጣል፥ ሁሉ በተራው ይበላል፥ ምስጋናውም ለተዘከረው ቅዱስ ነው። በግብር አዳራሽ ሰው እንደ ማዕርጉ ይቀመጣል፤ በማኅበር ቤት ግን ዛሬ ያሳለፈው ነገ ይታደላል። ጌታው ሲወድቅ ግብሩ ወደቀ፤ ማኅበሩ ግን የሚወድቅ ጌታ ስለሌለው ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ኖረ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአባቶች ተረት ለዚህ ሥርዓት የተነገረ ይመስላል። በዋግ ገጠር ሰው በኽምጥኛና በአማርኛ እየተጫወተ፥ ጸሎቱን በግዕዝ እየሰማ በአንድ ጽዋ የሚተሳሰረው በዚህ ነው።

ማኅበሩ የቆመው በቃል ኪዳን ብቻ አይደለም፤ በዕውቀትም ነው። ይህንም ዕውቀት ያቈዩት እናቶች ናቸው። አዋቂ እናት አስቀድማ የምትጠይቀው ቀኑ ጾም ነው ወይስ ፍስክ የሚለውን ነው። የቤተ ክርስቲያን ጾም በዓመት ከ180 ቀን በላይ ስለ ሆነ፥ ይህን ሳይጠይቅ በግ የገዛ ሰው ኪሳራ ይደርስበታል። በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል ሽሮና ምስር፥ የተልባና የሱፍ ፍትፍት ይሰናዳል። ቀጥላም ቀኑን ወደ ኋላ ትቈጥራለች። ጠጅ አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ተበርዞ፥ ጌሾ ገብቶበት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይፈልጋልና አስቀድሞ ይጣላል። ለጠላው ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ጌሾው ተጠንስሶ ጥቂት ቀን ያድራል፤ ብቅሉና ቂጣው ገብቶ ድፍድፍ ይሆናል፤ በኋላም ውሃ ተሞልቶ ይከደናል። የእንጀራው ሊጥ ሦስት ቀን ያህል ይቦካል፤ መጋገሩ ለዋዜማው ይቀራል። እንጨት ፈላጩ፥ ውሃ ቀጂዋ፥ በርበሬ ደላዟ ሁሉ በቀናቸው ይታዘዛሉ። አስካሪ ለማይጠጣው ብርዝ ይለይለታል። እንግዶቹ እነማን እንደ ሆኑ ሳይታወቅ የተጣለ ጠጅ ወይ ያንሳል፥ ወይ ይበላሻል፤ ስለዚህ የጠሪውና የጠማቂዋ ምክር አንድ መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ መልካም ሲሆን፥ ከማኅበሩ ጎን አንድ ክፉ ልማድ አብሮ አድጓል፤ እርሱም ከዐቅም በላይ የሚደገስ ተዝካር ነው። ለሞተው ሰው በ40ኛው ቀን፥ በ80ኛው ቀን፥ በመንፈቁና በዓመቱ ጸሎትና ምጽዋት ማድረግ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ ይህን የሚነቅፍ የለም። ነቀፋው፥ የሟቹ ልጅ ምን ይሉኛል ብሎ የእርሻ በሬውን ሲያርድ፥ ዘሩን ሲፈጭ፥ የሚከፍለው ሳይኖረው ሲበደር ነው። አባቱን በኅዳር ዘክሮ በሰኔ የሚዘራው የሚያጣ ሰው አለ። በላተኛው ወደ ቤቱ ይሄዳል፥ ዕዳው ግን ከመበለቲቱ ጋር ይቀራል። ከበላተኞቹም ብዙዎቹ ያልተራቡ ናቸው፤ የተራበው በአጥሩ ሥር ቆሞ ፍርፋሪ ይጠብቃል። በሐዋርያት ዘመን የተረሱት መበለቶች ዛሬ ደጋሾች ሆነው እንደገና ተረሱ ማለት ነው።

ለእንዲህ ያለው ድግስ የሚከራከሩ ሰዎች በኅዳር 12 ቀን ስንክሳር የሚነበበውን የዱራታዎስንና የቴዎብስታን ታሪክ ይጠቅሳሉ። እነዚህ ባልና ሚስት በቅዱስ ሚካኤል በዓል ድኾችን ያበሉ ነበር። ሀብታቸው ባለቀ ጊዜም በዓሉ እንዳይታጐል ልብሳቸውን ሊሸጡ ተነሡ። መልአኩም በመኰንን አምሳል ተገልጦ፥ እርሱ ዋስ እየሆነ በጉንና ዓሣውን ስንዴውንም በዱቤ እንዲያመጣ አዘዘው፤ በዓሣውም ሆድ ውስጥ 300 የወርቅ ዲናር ተገኘ፥ ዕዳውም ሁሉ ተከፈለ። እንግዲህ ቅዱሳኑ ተበድረው ከዘከሩ፥ ሌላው ቢበደር ምን ነውር አለበት ይላሉ።

ነገር ግን ታሪኩን በዝግታ ያነበበ ሦስት ነገር ያገኛል። አንደኛ፥ እነዚያ ሰዎች የጠሩት ድኾችን ነው እንጂ ብድሩን በተራው የሚመልስላቸውን ባለጸጋ አይደለም። ጌታም በሉቃስ ወንጌል በ14ኛው ምዕራፍ ግብዣ የሚያደርግ ሰው ብድር መመለስ የማይችሉትን እንዲጠራ አስተምሯል። ሁለተኛ፥ ሊሸጡ የተነሡት የገዛ ልብሳቸውን ነው እንጂ የልጆቻቸውን ቀለብ አይደለም። ሦስተኛ፥ ዱቤውን ያዘዘውም ዋስ የሆነውም መልአኩ ነው፤ በዚያው ዕለትም ዕዳው ተከፍሎ አደረ። በየመንደሩ ተበድሮ የሚደግስ ሰው ግን ዋሱ መልአክ ሳይሆን በሬው ነው። በየካቲት 16 ቀን የሚነበበው የበላዔ ሰብእ ታሪክም ይህን ያጸናል፤ ለእርሱ የተመዘነለት በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ የሰጠው ጥርኝ ውሃ ነው። ጥርኝ ውሃ ለመስጠት ማንም አይበደርም።

እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ የታየው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመራል። የማዕድ ክብር በብዛቱ አይደለም፤ በመጠኑ፥ በተራውና የተረሳ ሰው ባለመኖሩ ነው። በምድረ በዳ ሕዝቡ በአምሳ በአምሳ ተመደበ፤ በአክሱም ለምርኮኛው አምስት አምስት ተቈጠረ፤ በዋግ ገጠር ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ዞረ። መጠን ያልነበረው ማዕድ፥ አዳራሹ ቢሰፋም፥ በሬው ሲሞትና መሬቱ ሲወሰድ አለፈ። ጕልቱ ከተወሰደ ወዲህ የደብሩን በዓል የተሸከሙት ባለ ተራዎቹ ናቸው፤ ዳቦ በአገልግል አዝለው የመጡት እናቶች፥ ጠላ በእንስራ የተሸከሙት ልጆች፥ እንጨት ያመጡት ጎረቤቶች ናቸው።

ስለዚህ ኢዮቤልዩውን የሚያከብር ደብር የበዓሉን ማዕድ በማኅበር ሥርዓት ቢያሰናዳ የስሙን ትርጓሜ ይፈጽማል። እያንዳንዱ ማኅበርና ሰንበቴ እንደ ዐቅሙ አንድ አንድ ነገር ይመደብለት፤ አንዱ ዳቦውን፥ አንዱ ጠላውን፥ አንዱ ወጡን፥ አንዱ ውሃውንና እንጨቱን። ማንም ለዚህ በዓል አይበደር፤ የዘር እህልና የእርሻ በሬም አይነካ። ሕዝቡ በጎጥ በጎጥ ተመድቦ ይቀመጥ፤ አስቀድሞ ነዳያን፥ አረጋውያን፥ መበለቶችና የቈሎ ተማሪዎች ይስተናገዱ፤ ወጣቶቹ ዲያቆናት ቅዱስ እስጢፋኖስን አስበው ያሳልፉ። የቀረበውና የተረፈው በሁለት ታማኞች ይጻፍ፤ የተረፈውም ሳያድር ወደ በሽተኞቹና ከቤት መውጣት ወዳልቻሉት ይላክ። በዓሉ ሲፈጸም ከዕዳ ጋር ወደ ቤቱ የሚመለስ አንድ ሰው እንኳ ባይኖር፥ ያን ጊዜ መለከቱ በእውነት ተነፋ ይባላል።

የቃናን ሰርግ የባረከ ጌታ የዚህን ደብር ማዕድ ይባርክ፤ ጽዋውም ለሚመጣው ትውልድ ሳይቋረጥ ይተላለፍ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።